በበጋ የተከፈለ ቤት

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነው። ብየዳ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከእሳት ጋር ሲታገል ውሎ ሲገባ እሷ ጣሳ ይዛ ታስታጥበዋለች፤ አንድ ጣሳ ውሃ ግን ለሁለት እጅ፣ ለፊትና ለአንገት መብቃት ነበረበት። አንድ ቀን ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንደገባ ቆሞ ቀረና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አፍስሺ እንጂ። ይሄ እኮ ጠብታ ነው» አላት። ጎረቤት ሰማ፣ ተሳቀ፣ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ዕድሜዋ ሲገፋ ሰፈሩ ከፊቱ «እትዬ» ጨመረበት። እትዬ ጠብታ ስታለቅስ እንባዋን በኩባያ ታጠራቅማለች እያልን እንቀልድባት ነበር። «ባጠራቅምስ? ለእናንተ ልብስ ማለቅለቂያ ይሆናል» ትለናለች፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

ንፉግ ሆና አልነበረም። በሰፈራችን ቧንቧ እንጂ ውሃ አልነበረም። መጣ ሲባል ይሄዳል፤ ተስፋ የቆረጡለት ቀን ደግሞ ማንም በሌለበት ሰዓት አስሎ አስሎ፣ ዝገት የመሰለ ነገር ተፍቶ፣ ግማሽ ባልዲ ሳይሞላ ይቆማል። እሷ ግን እንጀራዋ ከውሃ ነበር። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እዚያ ውሃ እንደ ጉድ ይፈስሳል። አንድ ሌሊት ብቻ የተተኛበት፣ ገና መታጠፊያው ያልጠፋ አንሶላ ይመጣል፤ ይታጠባል፤ ይለቀለቃል፤ እንደገና ይለቀለቃል። አረፋው ወለሉን ሞልቶ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ሲወርድ እሷ የላስቲክ ቦቲዋን አጥልቃ መሃሉ ላይ ትቆማለች። ቤቷ ስትገባ በሩ ሥር የተደረደሩ ባዶ ጀሪካኖች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል።

አንድ ቀን ልጇ ትኩሳት ይዟት ነበርና፣ ከሥራ ስትወጣ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የበሩ ጥበቃ ቦርሳዋን ፈተሸ።

«የሆቴሉ ንብረት አይወጣም» አላት።

«ውሃ እኮ ነው ወንድሜ።»

«ውሃም ንብረት ነው።»

ጠርሙሱን ከፍቶ ዓይኗ እያየ አስፋልቱ ላይ ደፋው። ይህን ለባሏ ስትነግረው አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። የጎረሰውን ዳቦ ሲያላምጥ ቆየና፣ «በርሜል እፈልጋለሁ» አለ።

በርሜሎቹን ያገኘው ከአንድ ዳቦ ቤት ነው፤ የምግብ ዘይት የመጣባቸው ነበሩ። ሽታቸው እስኪጠፋ በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተጋቸው። ባልዲ ከሥራቸው እንዲገባ ከፍ ያለ የብረት እግር ሠራላቸው፤ ከታች ቧንቧ በየደላቸው፤ ከላይ ቅጠልና ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት ገጠመላቸው። በጣሪያው ጫፍ አሸንዳ ዘርግቶ ውሃውን ወደ እነሱ መራው። ሠርቶ ሲጨርስ ግን ራቅ ብሎ ቆመና ጣሪያውን ያይ ጀመር። እንደ ማንኛውም ቤት ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጣሪያ ነው። ከቤቱ ኋላ ያለው በጎረቤት ግንብና በእነሱ ግድግዳ መሃል የቀረ ጠባብ ቦታ ነበር።

«ግማሹን ዝናብ ለአይጥ እየሰጠነው ነው» አለ።

ቆርቆሮው አርጅቶ መቀየሩ አይቀርም ነበር። ሲቀይረው የኋላውን ግድግዳ አስረዘመ፤ መሃል ላይ የነበረውን አናት አነሳ፤ ጣሪያውን ከኋላ ወደ ፊት የሚወርድ አንድ ወጥ ተዳፋት አደረገው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ላይ የወረደ ዝናብ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሷ ማጀት በር ነው። ከመሰላሉ ወርዶ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ሰማዩን ወደ ደጅሽ አዘንብዬልሻለሁ። እንግዲህ ስምሽን ቀይሪ» አላት።

የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ አቧራውን ይዞ እንዲሄድ ለቀቀችው። የሚቀጥለው ሲመጣ የአሸንዳውን መውረጃ ወደ በርሜሎቹ አዞረች። በርሜል ባዶ ሳለ ዝናብ ሲገባበት እንደ ከበሮ ነው፤ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄድና ዝም ይላል። እትዬ ጠብታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዝም እስኪል አዳመጠችው። ከዚያ ሰፈሩ ባልዲውን ይዞ መጣ፤ እኔም ከመጡት አንዷ ነኝ። «ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ መሬት ላይ እንዳይንጠባጠብ» ከማለት በቀር ማንንም ባዶውን አልመለሰችም።

ቤቱ የባሏ ብቻ አልነበረም። ከአባቱ የወረሰው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው። እሷ ሙሽራ ሆና ስትገባ ይህ ዋርሳዋ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነበር። ማሙሽ ብላ ጠራችው፤ እሱም እታለም አላት። አበላችው፣ አለበሰችው፣ ትምህርት ቤት አመላለሰችው። በርሜሎቹ ሲሠሩ መሰላሉን ከታች የያዘው እሱ ነው። ዝናብ ሲመጣ አሸንዳው ሥር ራቁቱን ቆሞ እየጮኸ ይታጠባል። «አንተ ልጅ፣ ውሃውን አትጨርሰው» ትለዋለች፤ ለራሷ የምትሰስተውን ግን በእሱ ራስ ላይ ትደፋለች።

አድጎ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ሆኖም ማሙሽነቱ አልቀረለትም። ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ፍራፍሬ በካርቶን ጭኖ ይመጣል፤ መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እሷ ማማሰያ እንደያዘች ትወጣለች።

የብየዳው ጢስ የባሏን ሳንባ በላው። ለወራት ሲያስል ከርሞ አንድ ማለዳ ሳይነቃ ቀረ። በቀብሩ ላይ ከእሷም ከልጇም በላይ ያለቀሰው ማሙሽ ነበር። «እታለም፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም» አላት። እውነቱን ነው፤ ሌላ ማንም አልነካትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስቱን ይዞ መጣ። የተከራዩበት ቤት ስለተሸጠ ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ እጇ የተባረከ። መጀመሪያ ላይ እትዬ ጠብታ ወደደቻት። አብረው በሉ፤ አብረው አጠቡ። ፀጉር ሠሪዋ በእሑድ ቀን በር ላይ አስቀምጣት ፀጉሯን እየሠራች፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ገና ልጅ ነዎት፣ ሽበቱ ነው የዋሸብዎት» ትላት ነበር።

ቤቱ ይከፈል የሚል ነገር የተነሣው በበጋ ነው። ሰማዩ ለወራት አልደመነም፤ በርሜሎቹ ባዷቸውን ወንፊታቸው ላይ አቧራ ተኝቶባቸው ቆመዋል። ማሙሽ ሻይ እየጠጣ አመጣው። ሚስቱ የራሷን ፀጉር ቤት መክፈት ትፈልጋለች፤ ለዚያ ደግሞ መንገድ የሚያየው የፊቱ ወገን ይመቻል።

«አንቺ እንደሆነ ጫጫታ አትወጂም፤ ኋለኞቹ ሁለቱ ክፍሎች ይሻሉሻል። በግንቡ ጥግ ወደ ታችኛው መንገድ የሚያወጣ የራስሽ በር አለሽ» አላት።

ልጇ ያን ጊዜ አግብታ ሌላ ሰፈር ትኖር ነበር፤ ለጥየቃ መጥታ ከጎኗ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ውሃውስ?» አለቻት።

ማሙሽ ከልቡ ሳቀ። «ውሃ ደግሞ ይከፈላል እንዴ? ከሰማይ ለሚመጣ ነገር እኔና እታለም እንጣላ?»

እትዬ ጠብታ በልጇ አፈረች። «ዝም በይ አንቺ፣ ከእኔና ከማሙሽ መሃል ምን ጥልቅ አደረገሽ» አለቻት። የፊቱንና የኋላውን ክፍሎች የሚያገናኘው በር በጭቃ ተደፈነ፣ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ። በርሜሎቹ፣ አሸንዳውና የማጀቱ በር ከፊት ቀሩ።

ዝናቡ ሲገባ ነገሩ መጀመሪያ ደህና ነበር። በጎን ባለችው መተላለፊያ ዞራ ትሄዳለች፤ ቀድታ ትመለሳለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሷንም የወሰዳት እንደዚያ ነው። ፀጉር ቤቱ ተከፈተ፤ ደንበኛ በዛ፤ የአንዲት ሴት ፀጉር ታጥቦ እስኪለቀለቅ ባልዲ አይበቃውም። ፀጉር ሠሪዋ በሳቅ፣ «እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ቢቀዱ ይሻላል» አለቻት። ጠዋት ጠዋት ቀዳች። ቀጥሎ በርሜሎቹ ቶሎ ቶሎ አለቁ፤ «አንድ ባልዲ ብቻ ቢያደርጉት» ተባለች። አንድ አደረገችው። ከዚያ አንድ ቀን ስትሄድ ባሏ የበየዳቸው ቧንቧዎች ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «ልጆች እየከፈቱ ያፈሱታል እኮ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። በግቢው ውስጥ ልጅ አልነበረም። እትዬ ጠብታ ይህን ሳትናገር ቁልፉ እስኪከፈትላት ቆመች።

እንደዚያ ቆማ መጠበቅ ልማድ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለት ሴቶች ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል፤ ማሙሽ ከመንገድ ገብቶ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ስልኩን ይነካካል። እትዬ ጠብታ ባልዲዋን ይዛ ብቅ አለች። ፀጉር ሠሪዋ በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት።

«ደንበኛ ሲኖር ባልዲ ይዘው አይምጡ ብዬዎት አልነበር?»

ካስክ ሥር ያለችው ሴት፣ ማድረቂያው ጆሮዋን ስለደፈነው ድምጿን ሳትለካ፣ «ሠራተኛሽ ናት?» አለቻት።

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አንስታ የያዘችውን ፀጉር መከፋፈሏን ቀጠለች። እትዬ ጠብታ ወደ ማሙሽ ዞረች። ሰምቷል። አንገቱ ሲቀላ አይታለች። እሱ ግን ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው፤ ጣቱን ወደ ላይ ሳበ፣ ወደ ታች ሳበ።

ባዶ ባልዲዋን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ በር ውሃ ለመቅዳት አልሄደችም።

በማግስቱ ሊያነጋግራት መጣ። እሷ ገበታ እያነሣች ነበር፤ ተቀመጥ አላለችውም፣ ውጣም አላለችውም።

«እታለም፣ አትቀየሚ። እኔ በሴቶች መሃል አልገባም» አላት።

«እኔ ሴቶች አይደለሁም ማሙሽ። ያሳደግኩህ ነኝ።»

«እሱማ ማን ይክዳል? ግን እሷም ሥራዋ ነው፤ ያለ ውሃ ምን ታድርግ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ታውቂበታለሽ፤ በጥቂቱ ትብቃቂያለሽ።»

ባሏ ለጨዋታ ያወጣላት ስም እንደዚህ ተመንዝሮ ይመጣብኛል ብላ አስባ አታውቅም። ሳህኖቹን ደርድራ ጨርሳ፣ «ሂድ፣ መንገድ ይጠብቅሃል» አለችው።

ከሆቴሉ በጡረታ ወጥታ ነበር። ጉልበቷ ለዓመታት እርጥብ ወለል ላይ መቆሙን አሁን ያሳስባት ጀመር። ጀሪካን ይዛ ወደ ታችኛው መንገድ ቦኖ ትወርዳለች፤ ተሰልፋ ትጠብቃለች፤ ዳገቱን እያረፈች፣ እያረፈች ትወጣለች። አናቷ ላይ ዝናብ ይዘንባል። እቤቷ ስትደርስ ዝናቡ በራሷ ጣሪያ ላይ ወርዶ፣ በራሷ ክፍሎች አናት ላይ ተንከባሎ፣ ከግድግዳው ማዶ በርሜል ውስጥ ሲገባ ትሰማለች። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ጭቃ አዳልጧት ከነጀሪካኗ ወደቀች። ያነሣናት እኛ ነን። ክንዷ ተልጧል፤ እሷ የምታየው ግን መንገዱን ይዞ የሚወርደውን ውሃ ነበር።

ልጇ ይህን ሰምታ መጣች። «እማዬ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ» አለቻት።

«ቤቴን ለማን ጥዬ?»

«ምኑ ነው ቤትሽ? ውሃ የማትጠጪበት ቤት።»

እትዬ ጠብታ ያንን ቃል ቀኑን ሙሉ ስታመነዥከው ዋለች። በሳምንቱ ጣሪያ የሚሠራ አናጢ አስጠራች። «የእኔን ግማሽ ወደ ኋላ አዙርልኝ» አለችው።

አናጢው ወጥቶ አየና ራሱን እያከከ ወረደ። «ይቻላል እናቴ። የኋላውን ግድግዳ ዝቅ አድርጌ የእርስዎን ቆርቆሮ ወደዚያ አዘነብለዋለሁ፤ ድሮም እንደዚያ የነበረ ይመስላል። ግን መሃል ላይ አናት ይፈጠራል። እዚያ አናት ላይ ክዳን ይመታል፤ ግማሹ በእርስዎ፣ ግማሹ በእነሱ ቆርቆሮ ላይ። እነሱ ይፈቅዳሉ?»

«አንተ ጀምር» አለችው።

ባሏ አስረዝሞት የነበረው ግድግዳ ፈረሰ። እሱ የቀጠለው እንጨት፣ እሱ በእጁ የደረደረው ቆርቆሮ አንድ በአንድ ወረደ። እሷ ግቢው ውስጥ ቆማ የሚወርደውን እየተቀበለች አስቀመጠች። ጎረቤት ሆነን ስናያት ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

ማሙሽ መንገድ ላይ ነበር። አናጢው ክዳኑን ይዞ አናቱ ላይ ሲወጣ ፀጉር ሠሪዋ ከታች ወጣች፤ እጇ ላይ ገና የፀጉር ቀለም አለ።

«በእኔ ቆርቆሮ ላይ አንድ ምስማር ቢያርፍ ሕግ እጠራለሁ» አለች።

«እመቤቴ፣ ለእናንተም እኮ ነው፤ ውሃ ይገባል» አላት አናጢው።

«አፍርሺ ያላት የለም። ያፈረሰችው ትድፈነው።» ከዚያ ወደ እትዬ ጠብታ ዞረች። «ክፉ ነሽ። ውሃ አስቀርተሽብኝ ልትበይኝ ነው።» እርስዎ ማለት የዚያን ቀን ቀረ።

እትዬ ጠብታም አንገቷን አልሰበረችም። «በእኔ በኩል ብቻ ምታው» አለችው አናጢውን። ክዳኑ በእሷ በኩል ተመታ፤ በወዲያኛው በኩል እንደ ተከፈተ አፍ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሥሩ ያለው ያ የጋራ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ማሙሽ ሲመለስ በመተላለፊያው ዞሮ መጣ። ልጇ ያመጣችላትን የላስቲክ በርሜል አሸንዳ ሥር እያመቻቸች አገኛት።

«እታለም፣ ወንድሜ በእጁ የሠራውን ጣሪያ አፈረስሽው?»

«ለማን ነበር የሠራው?»

ዓይኑን ወደ አሸንዳው መለሰ።

«ለማን ነበር የሠራው ማሙሽ? መሰላሉን ይዘህለት የነበርከው አንተ ነህ።»

«ለቤቱ ነው የሠራው።»

«ለቤቱ» አለች ቀስ ብላ፤ ቃሉን ለመቅመስ እንደፈለገች። «እሺ። ለቤቱ ይሁን።»

«ብትጠይቂኝ እኮ እኔ …»

«ጠይቄህ ነበር። አንተ ስልክህን ነበር የምታየው።»

በመጣበት ተመለሰ። በነጋታው መተላለፊያው በቆርቆሮ ተዘጋ።

በዚያ ክረምት እትዬ ጠብታ የራሷን ጣሪያ ውሃ ጠጣች። በርሜሉ ሞላ፤ ልብሷን ያለስስት አጠበች፤ ግን ደስ አላት ብል ውሸት ነው። ጉሮሮዋ ረጠበ እንጂ አንጀቷ አልራሰም። በፊቱ ወገን ደግሞ ውሃው በግማሽ ስለቀነሰ ፀጉር ሠሪዋ በጋሪ እያስመጣች ትገዛ ጀመር። መሃሉ ላይ ክፍት የቀረው አናት ሥራውን አልተወም። ዘነበ ባለ ቁጥር ውሃው በጭቃው ግድግዳ ልብ ውስጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለሙ ተላጠ፤ ቀጥሎ የሻጋታ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ሆዱ ተነፋ።

ጎረቤት ገብቶበታል። እኔ ራሴ ሁለቱንም አነጋግሬያለሁ። «እትዬ፣ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮና አንድ እፍኝ ምስማር ነው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ትፍቀድልኝና ነገ አስመታዋለሁ» አለችኝ።

ወዲያ ማዶ ሄድኩ። «መጥታ ትጠይቀኝ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ይህን ይዤ ተመለስኩ። እትዬ ጠብታ ሳቀች፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «እኔ ከዚያች ሴት ደጅ ቆሜ የምለምነው ነገር አልቋል።» ማሙሽን መንገድ ላይ አግኝቼ ነገርኩት። «እነሱ ከተስማሙ እኔ እሠራዋለሁ» አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ተውኩት።

ግድግዳው የወደቀው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀም። ደንበኛ የለም። ፀጉር ሠሪዋ ብቻዋን ዕቃ እያስተካከለች ነበር። ትልቁ መስተዋት የተሰቀለው በዚያ በተደፈነው በር ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሄደውም እሱ ነው። በሩ የነበረበት ቦታ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ወጣና ከነመስተዋቱ ወደ ፊት ተደፋ። እትዬ ጠብታ ጓዳዋ ውስጥ ነበረች። አቧራው ረገብ ሲል በቀዳዳው ውስጥ ፀጉር ቤቱ ታየ። ሴትየዋ ወለሉ ላይ ናት፤ ቀኝ እጇ ከጭቃው ሥር ነው።

«እትዬ» አለች። «እትዬ፣ እጄን።»

እትዬ ጠብታ በዚያ ጉልበቷ በፍርስራሹ ላይ ተሻገረች። ጭቃውን በጥፍሯ ቧጠጠችው፤ የመስተዋት ስባሪ መዳፏን ሲቆርጣት አልሰማችም። እጇን አወጣችላት። ጣቶቿ መልካቸውን ለውጠዋል። ከበርሜሏ በባልዲ ቀድታ ጭቃውንና ደሙን አጠበችላት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችላት፣ እየጮኸች ጠራችን። ሆስፒታል ስንወስዳት የሴትየዋ ራስ በእትዬ ጠብታ ጭን ላይ ነበር። መንገዱን ሁሉ ግንባሯን ትዳብሳት ነበር።

ማሙሽ እንደሰማ መኪናውን አዙሮ በረረ። ኮሪደሩ ላይ አገኘን። እትዬ ጠብታ ከወንበሩ ተነሥታ ወደ እሱ እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ የራሷ ደም ደርቋል። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«እንግዲህ ደስ ይበልሽ» አላት።

እኛ ነን የጮህንበት። እሷ እጇን መልሳ ወደ ራሷ ሰበሰበችው፤ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ መውጫው ሄደች። በዝናቡ በእግሯ ቤቷ ገባች።

ቤቱ ከዚያ በኋላ ለሰው የሚሆን አልነበረም። መሃሉ ተከፍቶ፣ ጣሪያው ጎብጦ አንድ ክረምት እንኳ አይዘልቅም ተባለ። ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ፤ እሱም ሳይውል ሳያድር አፈረሰው። ባሏ የሠራቸውን በርሜሎች አፍራሾቹ ከብረት ፍርስራሽ ጋር ጭነው ወሰዷቸው። እትዬ ጠብታ ያን ቀን አልመጣችም።

አሁን የምትኖረው ልጇ ዘንድ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ፀጉር ሠሪዋ ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም። በሌላ ሰው ፀጉር ቤት ውስጥ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ስልክ ታነሣለች፤ መቀስ አትይዝም። ከጭቃው ሥር ያወጣቻት ማን እንደሆነች ለባሏ የነገረችው ሰንብታ ይመስለኛል፤ ማሙሽ እትዬ ጠብታን ሊጠይቅ የመጣው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነውና።

እኔም ያን ቀን እዚያ ነበርኩ። ብርቱካን በካርቶን ይዞ መጣ። ልጅየዋ አስገባችው። እትዬ ጠብታ ድምፁን ስትሰማ ከሳሎን ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማሙሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ መንገድ አወራ፤ ስለ ነዳጅ አወራ፤ የቀረበለትን ሻይ አላነሣውም። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «እታለም» አለ ወደ በሩ። «እታለም፣ እኔ ነኝ።»

እጇን ያዝኳት። «ውጪለት እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ።

ራሷን ነቀነቀች። «ብወጣ እስቅለታለሁ» አለችኝ። «ፊቱን ካየሁ መሳቄ አይቀርም፤ አውቀዋለሁ ራሴን። ያኔ ምንም እንዳልሆነ ያስባል።»

ጥቂት ቆይቶ ወጣ። ኮቴው በደረጃው ላይ ራቀ። የልጅ ልጆቿ ካርቶኑን ከፍተው ብርቱካኑን መላጥ ጀምረዋል፤ እናታቸው ልትከለክላቸው ስትል እትዬ ጠብታ ከውስጥ፣ «ተያቸው፣ ይብሉት። እነሱ ምን አደረጉ» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ማሙሽ ከታች የመኪናውን በር ይዞ ቆሟል፤ ወደ ላይ አላየም። ገባና ሞተሩን አስነሣ።

ልጅየዋ በሩ ላይ ብቅ አለች። «እማዬ፣ ሄደ።»

«አየሁት» አለች እትዬ ጠብታ፤ መጋረጃውንም መለሰችው።